ጥሩ ድምፅ ለሚሻ ደንበኛ የሚሸጥ ኮምፒዩተር

የንግድ ሥራ መሠረቱ መተማመን መሆኑ ከማንም የተሰወረ ነገር አይደለም። ሸማች የሚገዛውን ዕቃ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ሊመረምር በሚችልበት ጊዜ ነጋዴው ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ ወዲያው ይገለጣል። ጤፍ የሚገዛ ሰው እፍኝ ዘግኖ ያያል፤ ኩታ የሚገዛም ፈትሉንና ጥለቱን ይመረምራል። ዕቃው ሸማቹ በራሱ ዕውቀት ሊመረምረው የማይችለው በሆነ ጊዜ ግን፣ የዕቃው ዋጋ የሚቆመው በነጋዴው ቃል ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ካሉትም ዕቃዎች አንዱ ሙዚቃን በጥራት ለማሰማት ተብሎ የሚሸጠው ኮምፒዩተር ነው።

ዛሬ በሆቴል፣ በምግብ ቤት፣ በቡና ቤትና በየመኖሪያ ቤቱ የሚሰማው ሙዚቃ ከሸክላና ከካሴት ወጥቶ፣ በቊጥር ተመዝግቦ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጥ ሆኗል። ስለዚህም ድምፁ ጥርት ብሎ እንዲሰማለት የሚሻ ደንበኛ ወደ ኮምፒዩተር መደብር ይሄድና «ለሙዚቃ የሚሆን የትኛው ነው? በየትኛውስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራው ይሻላል?» ሲል ይጠይቃል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው የኮምፒዩተሩን ክፍሎችና ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድረው ዋና ፕሮግራም ነው።

መልሱ እንደ መደብሩ ይለያያል። አንዱ ሻጭ ከማክ በቀር ለሙዚቃ የሚሆን የለም ይላል። ሁለተኛው ዊንዶውስ ሆኖ ፕሮሰሰሩ እጅግ ኃይለኛ ካልሆነ ድምፁ ይደፈናል ሲል ያስጠነቅቃል። ሦስተኛው ደግሞ ሊኑክስን ያላወቀ ሙዚቃን አላወቀም እስከ ማለት ይደርሳል። ደንበኛውም ካሰበው በላይ ከፍሎ ኮምፒዩተሩን ይወስድና፣ በተረፈችው ጥቂት ገንዘብ በገዛት ትንሽ ስፒከር ያሰማበታል። ድምፁ ግን እንደ ዱሮው ነው። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል» የተባለው እንዲህ ላለው ንግድ ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከጥያቄው ነው። ደንበኛው ከመጨረሻ ሊጠይቅ የሚገባውን በመጀመሪያ ይጠይቃል፤ ሻጩም ጥያቄውን አቅንቶ መመለስ ሲገባው እንዳጣመመው ይሸጥለታል። ጥሩ ድምፅ የሚሻ ሰው ምርጫውን መጀመር ያለበት ጆሮው ካለበት ቦታ፣ ማለት ከክፍሉና ከስፒከሩ ነው። ከዚያ ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ከአምፕሊፋየሩ ቊጥሩን ወደ ድምፅ ወደሚለውጠው መሣሪያ፣ ቀጥሎም ወደ ሙዚቃው ፋይል ይመለሳል። ኮምፒዩተሩና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚመረጡት ከሁሉ በኋላ ነው። ይህ ፍርድ በምን እንደሚጸና ለመረዳት የነገሩን አሠራር በጥቂቱ መመርመር ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ድምፅ በዲጂታል የሚመዘገበው የአየሩ መርገብገብ ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ፣ ከፍታው በየቅጽበቱ እየተለካ ልኩ በቊጥር ሲጻፍ ነው። ሶኒና ፊሊፕስ የተባሉት ኩባንያዎች በኅብረት ያወጡት ሲዲ በ1982 ለገበያ ሲቀርብ፣ ልኬቱ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እንዲሆንና እያንዳንዱም ልክ በ16 ቢት እንዲጻፍ ተደንግጎ ነበር። ይህ ቊጥር በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ሃሪ ናይኲስት በ1928፣ ክሎድ ሻነንም በ1949 ባሳተሟቸው ጥናቶች እንደ ተገለጠው፣ አንድ ድምፅ ምንም ሳይጐድልበት በቊጥር እንዲመዘገብ ከተፈለገ የልኬቱ ብዛት ከድምፁ ከፍተኛ ንዝረት ከእጥፍ በላይ መሆን አለበት። የጤነኛ ወጣት ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋም ይህ ወሰን እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ 44,100 ልኬት ለሰው ጆሮ የሚበቃ ነው። የ16 ቢቱም አጻጻፍ በጣም ዝቅተኛ በሆነውና በጣም ከፍተኛ በሆነው ድምፅ መካከል ወደ 96 ዴሲቤል የሚጠጋ ርቀት ይሰጣል።

እንግዲህ የኮምፒዩተሩ ሥራ ምን ያህል ከባድ ነው? ሲዲው በሁለት ቻናል የሚሰጠው መረጃ በሰከንድ 1,411,200 ቢት ነው። ከዚያ እጅግ የላቀ ነው ተብሎ የሚሸጠው፣ በ24 ቢትና በሰከንድ 192,000 ልኬት የተቀዳው ሙዚቃ እንኳ 9,216,000 ቢት ብቻ ይጠይቃል። በ2000 የወጣው ሁለተኛው የዩኤስቢ ደንብ ግን በሰከንድ እስከ 480,000,000 ቢት ለማሳለፍ የተሠራ ነው። ከዚህ እንደሚታየው ሙዚቃን ከዲስክ አንሥቶ ወደ መለወጫው መላክ ለኮምፒዩተር የላባ ያህል ቀላል ሸክም ነው። አሥር ዓመት ያገለገለ ኮምፒዩተርም ይህን ሥራ ሳይቸገር ይሠራል። ፕሮሰሰሩ ኃይለኛ ስለሆነ ቊጥሩ የበለጠ ጣዕም አያገኝም፤ አምስት በርካሽ መኪናም በውድ መኪናም ተጭኖ ቢሄድ ያው አምስት ነው።

ከኮምፒዩተሩ የሚጠበቁት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። አንደኛው ቊጥሩን ሳይለውጥ እንዲያሳልፍ ነው። ሁለተኛው በገዛ ራሱ ጩኸትና በኤሌክትሪኩ ሁከት ሙዚቃውን እንዳያውክ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሞቹም ሊመዘኑ የሚገባቸው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ዊንዶውስ እንደ ተለመደው ሲሠራ ከልዩ ልዩ ፕሮግራሞች የሚመጡትን ድምፆች ሁሉ ይደባልቅና በአንድ የልኬት መጠን አድርጎ ይልካቸዋል። ስለዚህ በ44,100 የተቀዳው ሙዚቃ መጠኑ በ48,000 በተደነገገበት ኮምፒዩተር ውስጥ ሲያልፍ ልኮቹ እንደገና ተሰልተው ይወጣሉ። ይህ ስሌት በአዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች በጆሮ የሚለይ ጉዳት የሚያደርስ ባይሆንም፣ ቊጥሩ እንዳለ ይለፍልኝ ለሚል ሰው መንገዱ የተከፈተ ነው። ማይክሮሶፍት በ2007 ለሕዝብ ካወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ «ዋሳፒ» የሚባለው አሠራር ስላለ፣ የሙዚቃው ፕሮግራም መለወጫውን ለብቻው ይዞ ቊጥሩን ሳይነካ ሊልክ ይችላል። ሽታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1997 ያወጣው «አሲዮ»ም ለዚሁ የሚያገለግል ነው። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ዊንዶውስ 10 የሁለተኛውን የዩኤስቢ ድምፅ ደንብ የሚከተሉትን መለወጫዎች ተጨማሪ ድራይቨር ሳያስፈልግ መቀበል ችሏል።

ማክ ኦኤስ ይህን የመሰሉትን መለወጫዎች ያለ ድራይቨር መቀበል የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ አጠቃቀሙም ለጀማሪ የቀለለ ነው። ሆኖም በማክም ቢሆን የልኬቱ መጠን ከሙዚቃው ጋራ መስማማቱን ባለቤቱ በድምፅ ማስተካከያው ገጽ ሊያረጋግጥ ይገባዋል፤ ወይም ይህን በገዛ ራሱ የሚለውጥ የሙዚቃ ፕሮግራም መግዛት ይኖርበታል። ሊኑክስ በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ «አልሳ» በሚባለው ክፍሉ አማካይነት ቊጥሩን በቀጥታ ወደ መለወጫው ያደርሳል። በ2012 መሸጥ እንደ ጀመረው ራስበሪ ፓይ ባሉት፣ በእጅ መዳፍ በሚያዙ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ላይም ያለ ማራገቢያ በጸጥታ ይሠራል። ችግሩ ሲበላሽ ወይም ሲዘጋ የሚያስተካክለው ሰው እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው።

ከዚህ የተነሣ ሦስቱም በትክክል ከተሰናዱ ወደ መለወጫው የሚያደርሱት ቊጥር አንድ ነው። አንድ ሆነው ሳለ አንደኛው ጥልቅ፣ ሌላው ቀጭን ድምፅ ይሰጣል ብሎ መሸጥ እውነትን የተከተለ ንግድ አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ባለቤቱ የለመደው፣ ሲበላሽም በአቅራቢያው የሚገኝ ባለሙያ ሊጠግነው የሚችለው ነው። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሊታወስ ይገባል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አብቅቷል። ስለዚህ ያገለገለ ኮምፒዩተር ለሙዚቃ የሚሸጥ ነጋዴ ይህንኑ ለገዢው በግልጽ መንገር ግዴታው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የጩኸቱ ነገር ሲሆን፣ ሻጮች ብዙውን ጊዜ የሚዘነጉት ይህን ነው። ኃይለኛ የተባለው ኮምፒዩተር በሚሞቅበት ጊዜ ማራገቢያው ያፏጫል፤ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክም ያንኰራኵራል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የክራር ወይም የበገና ድምፅ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ፉጨት ከማናቸውም የቊጥር ለውጥ ይልቅ የሚያውክ ነው። ስለዚህ ማራገቢያ የሌለው፣ ወይም ማራገቢያው እምብዛም የማይሰማና በኤስኤስዲ የሚሠራ መጠነኛ ኮምፒዩተር ዋጋው ከእጥፍ ከሚበልጠው ኮምፒዩተር ይሻላል።

በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተሠራው የድምፅ መውጫ ከሌሎቹ ክፍሎች በሚመጣው የኤሌክትሪክ ሁከት ሊነካ ስለሚችል፣ መለወጫው በውጭ በኩል በዩኤስቢ የሚሰካ ቢሆን ይመረጣል። ኮምፒዩተሩና አምፕሊፋየሩ በተለያየ መንገድ ከመሬት መስመር ጋራ ሲገናኙ ደግሞ በ50 ኸርዝና በእጥፎቹ የሚያጕረመርም ድምፅ ይሰማል። ሁለቱንም ከአንድ ሶኬት ማብላት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ካልበቃም ብርሃን ብቻ እንጂ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፈው የኦፕቲካል ገመድ ማገናኘት ነገሩን ይቈርጠዋል። መብራት በሚቋረጥበትና በሚዋዥቅበት አካባቢ ዩፒኤስ ማኖር ድምፁን ባያሳምርም ዲስኩንና የተቀመጠውን ሙዚቃ ከጥፋት ያድናል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለጌጠኛ የዩኤስቢ ገመድ ከሚወጣው ይልቅ ጥቅሙ የታወቀ ነው።

ከኮምፒዩተሩ በፊት ሊታሰብ የሚገባው የሙዚቃው ፋይል ነው። ኤምፒስሪ የሚባለው አመዘጋገብ ፋይሉን ለማሳነስ ሲል ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን ክፍል ይጥላል። በበቂ መጠን ሲሠራ ልዩነቱን ለመስማት አስቸጋሪ ቢሆንም፣ እጅግ ሲያሳንሱት ጽናጽሉ ይሻክራል፤ ጭብጨባው ይበተናል፤ የዘፋኙም ትንፋሽ ይጠፋል። ፍላክ የተባለው አመዘጋገብ ግን ምንም ሳይጥል ፋይሉን ያሳንሳል። ይህ አመዘጋገብ ከ2001 ጀምሮ በነጻ ሲሠራበት ቆይቶ፣ በ2024 መጨረሻ የኢንተርኔት ደንቦችን በሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር ዘንድ በይፋ ደንብ ሆኖ ታትሟል። የአንድ ሰዓት ሲዲ 635 ሜጋባይት ያህል ሲሆን፣ በፍላክ ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ ስድሳ በመቶ ወደሚሆን መጠን ይወርዳል። በዚህ ስሌት አንድ ቴራባይት ዲስክ ከ2,500 ሰዓት በላይ ሙዚቃ ይይዛል። ስለዚህ ቦታ ለመቈጠብ ተብሎ ድምፅን የሚጥሉበት ምክንያት ዛሬ የለም ማለት ይቻላል።

ይህ ጉዳይ በኢትዮጵያ ካለው የሙዚቃ ሀብት ጋራ ጥብቅ ግንኙነት አለው። በ1969 የተቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ካሳተማቸው ሸክላዎች ጀምሮ የዚያ ዘመን ሥራዎች በአነስተኛ ሸክላ ወጥተው ነበር፤ በኋላም ዘመኑ የካሴት ሆነ። ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፓሪስ አሳታሚ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኤትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ ሥራው ብዙዎቹን በሲዲ አውጥቷል። ነገር ግን በየሰዉ እጅ የሚዘዋወረው የቀድሞ ዘፈን ብዙው ከካሴት በችኰላ ተገልብጦ፣ በአነስተኛ ኤምፒስሪ ተጨምቆ የቀረ ነው። ካሴት ያረጃል፤ ሸክላም በተጫወተ ቊጥር ይፋቃል። ስለዚህ ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥን ሥራው ያደረገ ነጋዴ ዛሬ በኤምፒስሪ ብቻ አስቀምጦ ካሴቱን ቢጥለው፣ የጣለው ነገር ዳግመኛ አይገኝም። በመጀመሪያ በፍላክ መዝግቦ ማኖር፣ ለደንበኛው የሚሆነውን ኤምፒስሪ ከዚያ ማውጣት ይገባዋል። አንድ ጊዜ በኤምፒስሪ የተጣለውን ወደ ፍላክ በመለወጥ እመልሰዋለሁ ማለት ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ የፋይሉ መጠን ይጨምራል እንጂ የተጣለው ድምፅ አይመለስም።

ከሲዲ የላቀ ልኬት ያለው ሙዚቃ ልዩ ጣዕም አለው የሚሉ ሰዎች መኖራቸው የታወቀ ነው። ይህም ነገር በፈተና ተመርምሯል። ሜየርና ሞራን የተባሉት ሁለት ሰዎች በ2007 በኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ማኅበር መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ላቅ ያለ ልኬት ያለው ሙዚቃና ያው ሙዚቃ በሲዲ ልክ እንዲያልፍ ተደርጎ ለአድማጮች ቀርቦ ነበር። ከ554 ሙከራዎች በትክክል የተለዩት 276 ብቻ ሆኑ፤ ይህም ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት የማይሻል ነው። ይሁን እንጂ ጆሹዋ ሪስ በ2016 በዚያው መጽሔት የ18 ሙከራዎችን ውጤት አጠቃልሎ ሲመረምር፣ አድማጮቹ ከመቶ 52.3 ያህሉን በትክክል እንደ ለዩና የሠለጠኑት አድማጮች ከዚያ እንደ ተሻሉ አግኝቷል። ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ቀና ነው። ልዩነት ቢኖር እንኳ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለጥቂት ልዩነትም ብዙ ገንዘብ ማስከፈል የሚገባው፣ ሌላው ሁሉ ከተሟላ በኋላ ደንበኛው ዐውቆ ሲጠይቅ ብቻ ነው።

ከጥቂቱ ልዩነት ወደ ትልቁ ሲመለሱ የሚገኘው ስፒከሩና ክፍሉ ነው። ደህና የተባለ መለወጫ በሚሰማው ወሰን ውስጥ የሚያሳየው መዛባት ከአንድ ዴሲቤል በታች ነው። በክፍል ውስጥ የተቀመጠ ስፒከር ግን በዝቅተኞቹ ድምፆች በኩል አሥር ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። የ50 ኸርዝ ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ ስለሆነ፣ ሞገዱ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመለሰ በአንደኛው ማዕዘን ይከማቻል፤ በሌላው ደግሞ ይጠፋል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ፊቱ መስታወት፣ ጣራው ኮንክሪት በሆነ ምግብ ቤት ውስጥ የዘፋኙ ቃል የማይለየው በኮምፒዩተሩ ምክንያት አይደለም። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍና በልብስ የተሸፈነ ወንበር ድምፁን ያረጋጉታል። ስፒከሩን ከማዕዘን አውጥቶ በአድማጩ ጆሮ ትክክል ማቆምም ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ መሻሻል ነው።

እንግዲህ ደንበኛ በመጣ ጊዜ ብልህ ነጋዴ በመጀመሪያ ስለ ክፍሉ ስፋትና ስለ ወለሉ ይጠይቅ። ከገንዘቡ የሚበዛውን ለስፒከርና ለአምፕሊፋየር እንዲመድብ ይምከረው። ቀጥሎ መጠነኛ የሆነ የውጭ መለወጫ፣ ከዚያም ጸጥተኛ ኮምፒዩተር ይምረጥለት፤ ደንበኛው ቤት ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር ካገለገለም እሱኑ ያሰናዳለት። የኮምፒዩተሩን የድምፅ ከፍታ ሙሉ አድርጎ፣ ማሳነሱን በአምፕሊፋየሩ ላይ እንዲያደርግ ያስተምረው። ሁለት ዕቃዎችን ሲያስመርጠውም የሁለቱን ከፍታ አስተካክሎ፣ የትኛው እንደሚሰማ ሳይነግረው ያሰማው፤ ጥቂት ከፍ ያለ ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማልና። ደንበኛው ከአሥር ጊዜ አምስቱን ብቻ በትክክል ከለየ ልዩነት አልሰማም ማለት ነው፤ ያልሰማውንም ሊከፍልበት አይገባም።

አንዳንድ ነጋዴ ይህን ሲሰማ «እንዲህ ብናገር ትርፌ ከወዴት ይመጣል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ከውድ ኮምፒዩተር የቀረው ትርፍ ከስፒከሩ፣ ከተከላው፣ ከማስተካከሉና ከካሴት ግልበጣው ይገኛል። በውጭ ምንዛሪ የሚገባው ዕቃም ለሚሰማ ነገር እንጂ ለስም ብቻ ባልወጣ ነበር። ከዚህም ሁሉ በላይ ድምፁ ያማረለት የሆቴል ባለቤት እንግዶቹን ሁሉ የነጋዴው ምስክር ያደርግለታል። ያላማረለት ግን የከፈለውን ዋጋ እየቈጠረ የመደብሩን ስም ያነሣል። ዕቃውን ደንበኛው ሊመረምረው አይችል ይሆናል፤ የነጋዴውን ቃል ግን ማታ ቤቱ ገብቶ ሙዚቃውን ሲከፍት ይመረምረዋል።